እስከ ጣት አንጓ

ገንደ ቆሬ ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣
ሰው ሁሉ ምድጃውን ወደ ደጅ ሲያወርድ፣
እኔም አወጣለሁ የከሰል እሳቴን፣
አንዲት ጎድጓዳ ድስት፣ የብቻ ራቴን።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፉርጎ ሳገጣጥም
ቆሜ ነው የበላሁ፣ ኤረር ላይ፣ አፍደም።
እሳት ማን አነደደ? ማን ሽንኩርት ከተፈ?
ጠይቄ አላውቅም፤ ዘመኑ አለፈ።
ጡረታ ወጣሁና ቤቴ ብገባ
ጓዳው አላወቀኝም፤ ቆምኩ እንደ ሌባ።

ከግንቡ ማዶ ግን ሙሉካ አለች፣
የሐረር ሴት ናት፣
የሰውን ድስት ሁሉ በሽታው ታውቃለች።
ሰፈሩ «አይ» ይላታል፣ እናት ማለቱ ነው።
ግንቡ ከፍ ያለ ነው፤ ከላይ ብርቱካን ሻሿ፣
ከማዶ ሳይታክታት ሲያስተምረኝ ድምጿ፦

«ሸሚኖው! ሽንኩርቱን አትቸኩልበት፣
ዘይቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ላብ ይውጣበት።
ጨው አሁን ነው እንዴ? ቲማቲሙ ይሟሟ!
ሮቃውን በለብታ እሸው፤ ፍሬውን አትፍጨው።
ሁልበት ስትዘፈዝፍ
(እኔ አብሽ የምለውን ሁልበት ነው የምትለው)
ውኃውን ደጋግመህ ድፋ፣ መራራው እስኪለቅ፤
ከዚያ በእጅህ ምታው፣
እስኪነጣ ድረስ፣ እስኪያብጥ አረፋው።
ክንድህን ካልደከመህ ገና ነው ማለት ነው።»

ሁሉን እንዳለችው ሠራሁ፤ መረቁ ሰመረ።
ሩዙ ግን፣ ሩዙ ግን ጠጠር ሆኖ ቀረ።

«ውኃው እስከ አንጓ ነው፣ በሌባ ጣት ለካ፣
ከሩዙ በላይ። ከዚያ ክደን፤ አትንካ።»
ለካሁ። ከደንኩ። አልነካሁም።
ጠጠር።
በማግስቱም ለካሁ፣ እስከ አንጓዬ ድረስ።
ጠጠር። ድመቷ አሽትታ ሄደች፣ ምንም ሳትቀምስ።

አይ ሙሉካ ተናደደች፦ «ሩዙ ነው ጥፋቱ፣
ይሄ የታይዋን ተራ ሩዝ፣ አሮጌ ነው ምርቱ!»
የልጅ ልጇን ረምዚን
ከራሷ ጓዳ አንድ ጣሳ ሰፍራ ላከችው።
ያም ጠጠር ሆነ።

ሐሙስ ዕለት ማታ ድስቱን በግንቡ ላይ
አሳልፌ ሰጠኋት፣ ራሷ እንድታይ።
ስትቀበለኝ ግን ድስቱን አላየችም፣
እጄን ነው ያየችው።

የሌባ ጣቴን ጫፍ፣ ጥፍሩ የነበረበትን፣
ሚኤሶ ላይ፣ በሌሊት፣ ሁለት ፉርጎ ስናያይዝ
ብረት ወስዶታል፣ የዛሬ ሃያ ዓመት።
እኔ ረስቼው ነበር።
ሰው በጎደለው ነገር
ስንት ዘመን ይለካል፣ ጎደለኝ ሳይል?

ዝም አለች።
ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፣ ግንቡ የሚናድ እስኪመስል፦
«ወይ ሸሚኖው! ውኃው ምን ያርግ? ሩዙስ ምን ይበል?»

እጇ መጣ በግንቡ፣ ሂና የነካው ጣቷ
አዲስ በታጠበው ሩዝ ላይ ቆመ፣ ውኃ አስጨመረኝ፣
ቀስ በል አለኝ፣ በቃ አለኝ።
«አየህ? እዚህ ጋ። ካሁን በኋላ
በቀለበት ጣትህ ለካ። እሱስ አለህ አይደል?»
አለኝ። ቀለበቱ ነው የሌለው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሩዜ አንዱ ከአንዱ ተላቋል፣
ሁልበቱ ነጥቷል፣ ክንዴ ዝሏል፤
የሮቃው ጭማቂ እርጥብ ጆንያ ለብሶ
ጀሪካኑ ውስጥ ቀዝቅዟል፣
ደቻቱ ነፋስ ልኮ፣ ትንሽ፣ ለጨዋነት ያህል።
አንዱን ሳህን በግንቡ አሻገርኩ።
ከማዶ ማንኪያ ሰማሁ፤ ቃል ግን አልሰማሁም፤
ምግቡን ስትወደው እንደማትናገር
ይሄን ስንት ወር ፈጀብኝ ለማወቅ።

ድስቱን ከከሰሉ ላወርድ ስል ግን
«ተወው፣ ተወው!» አለች፣ «ሥሩ ትንሽ ይረር።
ረምዚ ማንኪያውን ይዞ እየመጣ ነው።»